ኢኮኖሚክስ ወይስ ፖለቲካል ሳይንስ? ከኪሳችሁ ለምትከፍሉ

መስከረም በጠባ ቁጥር ይህ ጥያቄ ይደወልልኛል። «ልጁ ማታ ሊማር ነው፤ ኢኮኖሚክስ ይግባ ወይስ ፖለቲካል ሳይንስና ዓለም አቀፍ ግንኙነት?» ዘንድሮ ደግሞ ተራው የእህቴ ልጅ ሆነ። እሷ አምባሳደር መሆን ነው ሕልሟ። እኔ ግን ኢኮኖሚክስ ግቢ አልኳት።

ሁሉም የሚጠይቀው የክሬዲት ሰዓቱን ዋጋ ነው። እኔ ዞሬ በጠየቅኩባቸው ቦታዎች በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከማኪያቶ ዋጋ አያልፍም። ገንዘቡ የሚያልቀው ሌላ ቦታ ነው።

ፖለቲካል ሳይንስ የሚበላችሁ በፎቶ ኮፒ ነው። ጎረቤቴ ባለፈው ተርም አምስት ኮርስ ወሰደ። ለእያንዳንዱ ወደ 200 ገጽ፣ በገጽ 2 ብር፣ ድምሩ 2,000 ብር። ያውም የኮፒ ኮፒ ነው፤ ዳሩ ተቆርጦ የመስመሩ መጨረሻ አይታይም። የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀና ዶላር ከተወደደ ወዲህ ኦሪጅናሉን መጽሐፍ ማሰብም ቅንጦት ሆኗል። ለአፍሪካ ኅብረት ሥራ የሚያልም ደግሞ ፈረንሳይኛ ቢጨምር ይሻለዋል፤ እሱም ሌላ ክፍያ ነው።

ኢኮኖሚክስ የሚበላችሁ በድጋሚ ኮርስ ነው። ሒሳብ ላይ ኤፍ ከመጣ ያንኑ ሦስት ክሬዲት ሁለቴ ትከፍላላችሁ። ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት የ12ኛ ክፍል ካልኩለስ ከልሱ። ነፃ ነው።

እኔ ኢኮኖሚክስ ስማር ያጠፋሁት ግን ስታታ በሚባለው የዳታ መተንተኛ ፕሮግራም ላይ ነው። ትክክለኛው ፈቃድ በዶላር ነው የሚሸጠው። እንደ ሰው ሁሉ እኔም ክራክ የተደረገውን፣ ማለትም ያለ ፈቃድ የተሰበረውን፣ ከአንድ ኮምፒውተር ቤት በ300 ብር አስጫንኩ። ቫይረስ አብሮት ገባ። የመመረቂያ ጽሑፌ ዳታ ሙልጭ ብሎ ጠፋ። ለማስመለስ 2,500 ብር ከፈልኩ፤ የተመለሰው ግማሹ ነው። ያንኑ ሥራ የሚሠሩ አር እና ግሬትል የሚባሉ ነፃ ፕሮግራሞች እንዳሉ የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው። (ሪሰርች ሠርተው የሚሸጡትንማ አታንሱብኝ። ያንኑ ጽሑፍ የቀበሌውን ስም ቀይረው ለሦስት ሰው ይሸጡታል።)

ታዲያ ለምን ኢኮኖሚክስ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የብርን የምንዛሪ ተመን ለገበያ ለቀቀ። በዚያው ዕለት ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት (አይኤምኤፍ) ለኢትዮጵያ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር አጸደቀ። የዚህን ፖለቲካውን ጋዜጣና መጽሐፍ እያነበባችሁ በራሳችሁ ትደርሱበታላችሁ። ኢኮኖሜትሪክስን፣ ማለትም ኢኮኖሚውን በዳታና በስታቲስቲክስ መለካትን፣ ግን ከሥራ መልስ፣ አስተማሪ ሳይኖረው፣ ብቻውን የተማረ ሰው እስካሁን አላየሁም። ክፍያችሁን ብቻችሁን ለማትወጡት ነገር አውሉት። ባንክም፣ ኢንሹራንስም፣ ገቢዎችም ኢኮኖሚክስ የሚል ማስታወቂያ ያወጣሉ።

ማንበብና መጻፍ ነፍሱ የሆነ፣ ከሒሳብ ጋር የተጣላ ልጅ ካላችሁ ግን በግድ ኢኮኖሚክስ አታስገቡት። በድጋሚ ኮርስ ያራቁታችኋል።

ደግሞ ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ። 50 በመቶ ያላመጣ ዲግሪ የለውም፣ የፈለገውን ያህል ቢከፍል። ስለዚህ ሬጅስትራር መስኮት ላይ ቆማችሁ «ባለፈው ዙር ከዚህ ዲፓርትመንት ስንት ተፈትኖ ስንት አለፈ?» በሉ። የእህቴ ልጅ ሁለት ቦታ ጠየቀች። አንደኛው ወረቀት አውጥቶ አሳያት። ሌላው «እሱን ምን ያደርግልሻል?» አላት። ደረሰኝ ሳታስቆርጥ ወጣች።