አሮጌ ላንድ ሮቨር ወይስ አሮጌ ላንድ ክሩዘር? በጩኸታቸው ይለዩ

ሁለቱም ይጮኻሉ። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው፣ «ትንሽ ድምፅ አለው እንጂ ሞተሩ እንደ ሰዓት ነው» የሚል ደላላ ገዢ ሲያሞኝ ደጋግሜ ስላየሁ ነው። ከአርባ ዓመት በላይ ድንጋይና ጭቃ ሲረግጥ የኖረ መኪና ትንሽ ድምፅ የለውም። ገዢ መጠየቅ ያለበት ጩኸቱ ከየት እንደሚመጣና አብሮት መኖር ይችል እንደሆነ ነው።

እኔ ረጅሙን ላንድ ሮቨር ሲሪስ 3 ከያዝኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ «40» ተብሎ ከሚጠራው የላንድ ክሩዘር ዘር አንዱን ይነዳል። መንዝ ወላጅ እናታችን ዘንድ ስንሄድ ስለምንለዋወጥ ሁለቱንም ከወንበራቸው አውቃቸዋለሁ። አዳላለሁ፤ ለየትኛው እንደሆነ አንባቢ ሳይቆይ ይደርስበታል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ስለ አሮጌ መኪና የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል፤ ይህን የምጽፈውም አንድ ነገር ሃያ ጊዜ ከመመለስ ብዬ ነው።

በቆዳቸው ልጀምር። ላንድ ሮቨር እ.ኤ.አ. በ1948 አምስተርዳም ላይ ለሕዝብ ሲቀርብ እንግሊዝ ገና ከጦርነቱ አላገገመችም፤ ብረት በራሽን ነበር። ስለዚህ አካሉን ከአሉሚኒየም ቅይጥ ሠሩት። ሲሪስ 3 (እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1985) ይህንኑ ወርሷል። በሩ ሲዘጋ የድስት ክዳን የወደቀ የሚመስለውም ለዚህ ነው። አካሉ አይዝግም፤ አካሉን የሚሸከመው ሻንሲ ግን ብረት ነው፤ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ጭቃና ውሃ ገብቶ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1984 የተመረተው ባለ 40 ላንድ ክሩዘር ሁለመናው ብረት ነው። በሩ ሲዘጋ ልብ የሚያረካ ድምፅ ያሰማል፤ ይዝጋል ግን። ላንድ ክሩዘር ዝገቱን ፊቱ ላይ ያሳያል፣ ላንድ ሮቨር ሆዱ ውስጥ ይደብቃል።

ስለዚህ ላንድ ሮቨር ሊገዙ ሲሄዱ ትንሽ መዶሻ ይያዙ። ከሥሩ ገብተው ሻንሲውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ እያሉ ያንኳኩ። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፤ እንደ እርጥብ እንጨት ከታፈነ አልቆለታል። በተለይ የኋላ ባሌስትራ (መኪናው የሚያርፍበት ተደራራቢ የብረት ሞላ) የሚታሰርበትን አካባቢ አይለፉት። ሻጩ ከተቆጣ መልሱን አግኝተዋል ማለት ነው። ላንድ ክሩዘር ላይ ደግሞ የወለሉን ምንጣፍ ይግለጡ፤ የኋላ ጎማዎቹን ዙሪያ በጣት ይጫኑ። አዲስ ቀለም የተቀባ ከሆነ ቀለሙን ሳይሆን ከሥሩ የሞላውን ስቱኮ እየገዙ እንዳይሆን።

ሞተር ላይ ስንደርስ ወንድሜ ፈገግ ይላል። የሲሪስ 3 የተለመደው ሞተር ባለ አራት ሲሊንደር፣ 2.25 ሊትር ነው፤ ቤንዚንም ናፍጣም አለው። ናፍጣው ጉልበቱ 62 ፈረስ ያህል ነው፤ እሱም በባሕር ጠረፍ። ተርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየሺህ ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ገደማ ያጣል፤ አዲስ አበባ ላይ ከሃምሳ ፈረስ በታች ቀረዎት ማለት ነው። ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ዳገቱን ስወጣ፣ አህያ የሚነዳ ሽማግሌ ከጎኔ እየተራመደ ሰላምታውን ጨርሶ የልጆቼን ደህንነት ለመጠየቅ ጊዜ ያገኛል።

የላንድ ክሩዘሩ ቤንዚን ሞተር ባለ ስድስት ሲሊንደር ነው፤ መጀመሪያ 3.9፣ እ.ኤ.አ. ከ1975 ወዲህ 4.2 ሊትር። ዳገት አያውቅም። ታንከሩን ግን ያውቃል፦ በሊትር አምስት ኪሎ ሜትር ከሄደ ያመስግኑት። የእኔው ናፍጣ በሊትር ዘጠኝ ያህል ይሄዳል፤ በዛሬ የነዳጅ ዋጋ ይህ ልዩነት ወር ሲያልቅ ጎልቶ ይታያል። መካከለኛው መንገድ ባለ ሦስት ሊትሩ ናፍጣ ላንድ ክሩዘር ነው። ሲነሳ እንደ ወፍጮ ቤት ይንቀጠቀጣል፣ ሲሄድም አይረጋጋም፤ ነገር ግን ቆጣቢ ነው፣ ቶሎም አይሞትም። ገንዘቤን እየቆጠርኩ ብገዛ ኖሮ እሱን እገዛ ነበር።

የላንድ ክሩዘር ጩኸት አንድ ነው፤ ከፊት፣ ከሞተሩ ይመጣል። ከአንድ ሳምንት በኋላ ጆሮ ይለምደዋል። የላንድ ሮቨር ጩኸት ግን ማኅበር ነው፦ ካምቢዮው ያፏጫል፣ በሮቹ ይንኳኳሉ፣ ከፊት መስታወቱ ሥር ያሉት የአየር መዝጊያዎች ያንሿሻሉ። በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ወሬ የለም፤ ባለቤቴ በምልክት ነው የምታናግረኝ። ራዲዮ ማስገጠም ገንዘብ ማባከን ነው። እነዚያን መዝጊያዎች መንዝ ሜዳ ላይ ሲከፍቷቸው የሚገባው የጠዋት ብርድና የእርጥብ ሣር ሽታ ግን በሌላ መኪና አይገኝም። አቧራውም በዚያው ይገባል፤ አንዴ ንብ ገብታብኛለች።

ጭቃ ውስጥ ሁለቱም ጀግኖች ናቸው፣ የፊት ጎማዎቹ እንዲያግዙ ነጂው ማዘዝ ካልረሳ። ላንድ ሮቨር ላይ ቢጫዋን እንቡጥ ወደ ታች መጫን፣ ለከባዱ ጭቃና ዳገት፣ ዝግ ብሎ በጉልበት ለመሄድ፣ ደግሞ ቀዩን ዘንግ መሳብ ነው። በጎማው እምብርት ላይ የሚዞር መቆለፊያ የተገጠመላቸው ደግሞ ወርደው በእጅ ካልቆለፉት ቢጫዋ ብቻዋን ዋጋ የላትም። እኔ ለሰርግ ለብሼ ይህንን ረስቼ ጭቃ ከዋጠኝ በኋላ በሙሉ ልብስ ተንበርክኬ ቆልፌዋለሁ። ወንዝ ከተሻገሩም በኋላ ፍሬኑን ቀስ እያሉ ይርገጡ፤ ሸራው እስኪደርቅ አይይዝም። ወገብዎን የሚያምዎ ከሆነ ሁለቱንም ይተዉ፤ ባሌስትራ አያዝንም።

የመለዋወጫው ነገር አጭር ነው፦ ወንድሜ መርካቶ ሶማሌ ተራ ጠዋት ገብቶ ከምሳ በፊት ይወጣል። እኔ ቁርስ ቋጥሬ እሄዳለሁ፤ ብዙ ጊዜም ከቆመ መኪና የተፈታ ዕቃ ይዤ፣ ወይም ከእንግሊዝ በሚመጣ ዘመድ አስልኬ ነው የምጠግነው። ብዙ ሰው የማያስበው ደግሞ የመፍቻው ጉዳይ ነው። የሲሪስ 3 ብሎኖች አብዛኞቹ በኢንች የተለኩ ናቸው፤ የጋራዦቻችን ቁልፍ ግን በሚሊሜትር ነው። አንድ ወጣት መካኒክ በ13 ቁልፍ እየታገለ የሦስት ብሎኖችን ራስ አድቦልቡሎ አስረክቦኛል። ከዚያ ወዲህ የራሴን የቁልፍ ስብስብ ከወንበሩ ሥር አስቀምጫለሁ፤ ላንድ ሮቨር የሚገዛ ሰውም ከመኪናው ጋር ይህንን ይጨምር።

ወረቀቱንም አይርሱ። እንዲህ ባረጁ መኪኖች ሞተር መቀየር የተለመደ ነውና የሞተሩንና የሻንሲውን ቁጥር ከሊብሬው ጋር ሳያመሳክሩ ቀብድ አይስጡ።

ለሥራ ከሆነ፣ ሰው የሚጠብቅዎት ከሆነ፣ ላንድ ክሩዘሩን ይግዙ። መንገዱን ራሱን ለሚወድና ቅዳሜውን በቅባት እጅ ለማሳለፍ የማይከፋው ሰው ግን ላንድ ሮቨሩ ይሻለዋል። እናታችን ሁለቱንም ከወንዙ ማዶ በድምፃቸው ትለያቸዋለች። የእኔን ስትሰማ ቡናውን መቁላት ትጀምራለች፤ ዳገቱን ጨርሼ ደጃፍ ስደርስ አቦሉ ተቀድቷል። ወንድሜ ሲመጣ ግን ገና ስኒውን ስታጥብ ይደርስባታል፤ «ይኼ ልጅ መቼም ጊዜ አይሰጥም» ትላለች።