የድሮ መኪና የዳሽቦርድ ኪስ ቁልፍ መጠገኛ ኪት፦ የቱ ይረባል፣ የቱ አይረባም

ለድሮ መኪና የዳሽቦርድ ኪስ ቁልፍ ሁለት ዓይነት መለዋወጫ ይሸጣል። አንዱ ሙሉ አዲስ ቁልፍ ከነመክፈቻው ነው። ሌላው ስስ የነሐስ ቅጠሎች (ያለ ትክክለኛው መክፈቻ ቁልፉ እንዳይዞር የሚያግዱ)፣ ጥቃቅን ሞላዎችና አንዳንዴም መያዣ ክሊፕ የያዘ መጠገኛ ኪት ነው። እዚህ የምንመዝነው ኪቱን ነው። ሲሊንደሩ፣ ማለትም መክፈቻው የሚገባበትና አብሮት የሚዞረው አካል፣ የሚቀመጥበት የዚንክ ቤት ካልተሰነጠቀና ካልሰፋ ኪቱ ከአዲሱ ቁልፍ ይመረጣል፤ መኪናው ከፋብሪካ የወጣበት ክሮም ይተርፋል፣ በርና ኪሱ በአንድ መክፈቻ ይከፈቱ ከነበረም እንደዚያው ይቀጥላሉ። ግን ኪቱ የሚያክመው አንድ ዓይነት በሽታ ብቻ ነው፣ እርሱም የቅጠሎቹና የሞላዎቹ ማለቅ። ብዙ ጊዜ የሚወቀሰውም ደህናውን አካል እንዲቀይር ስለሚታዘዝ ነው።

ስለዚህ ከማዘዝ በፊት ክዳኑን ከፍቶ መሞከር ይገባል። ክዳኑ ክፍት እንዳለ መክፈቻውን ያዙሩ፣ ምላሱንም (ክዳኑን የሚይዘውን ወጣ ያለ አካል) በጣት ገፋ አድርገው ይልቀቁት። ምላሱ ሳያንገራግር ገብቶ የሚመለስ ከሆነና መክፈቻውም በልኩ የሚዞር ከሆነ ሲሊንደሩ ጤነኛ ነው፤ ኪቱም አያስፈልግም። ችግሩ ያለው ምላሱን በሚቀበለው ብረት፣ በማጠፊያው ወይም በክዳኑ ጎማዎች ላይ ነው። እነዚህ ትንንሽ ጎማዎች በዕድሜ ሲደርቁና ሲጠፈጠፉ ክዳኑ ይላላል፣ ጉድጓድ ላይም ይንኳኳል፤ ጥቂት ሰው ብቻ ነው የሚጠረጥራቸው። ኪሱ ከተጨመቀ ካርቶን በተሠራባቸው መኪኖች ደግሞ ካርቶኑ ሲረግብ ተቀባዩ ብረት አብሮ ይወርዳል። የብረቱ ብሎን ቀዳዳ ብዙውን ጊዜ ሞላላ ስለሆነ ላላ አድርጎ 1 ወይም 2 ሚሊሜትር ከፍ ማድረግ ብቻውን ይበቃል።

ቀጥሎ የሚፈተሸው መክፈቻው ነው። እስከ መጨረሻው ያስገቡትና እንቢ ካለ ጥቂት፣ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ወደ ኋላ ስበው ያዙሩት። እንዲህ ተደርጎ ከዞረ ጥርሱ አልቋል ማለት ነው። ያለቀን መክፈቻ አስመስሎ ማስቀረጽ ያለቀውን ጥርስ መቅዳት ነው፤ አዲሱ ከአሮጌው አይሻልም። መክፈቻው በፋብሪካው ኮድ ይቀረጽ። ኮዱ እንደ መኪናው ዓይነት በመክፈቻው፣ በሲሊንደሩ ጎን ወይም በምላሱ ላይ ተመቶ ይገኛል። በኮድ የተቀረጸ መክፈቻ ይዞ ሳይሞክሩ ኪት መግዛት ችኮላ ነው፤ ደከመ ከተባለው ቁልፍ ብዙው በመክፈቻው ብቻ ይነሳል።

ልዩነቱ ምን ያህል ጥቃቅን እንደሆነ ለመረዳት የጄኔራል ሞተርስን የድሮ ቁልፎች ማየት ይጠቅማል። በብዙዎቹ ላይ ቅጠሎቹ ከ1 እስከ 5 ቁጥር የተሰጣቸው 5 ልኮች ናቸው፤ በአንዱና በሚቀጥለው መካከል ያለው ርቀት 0.025 ኢንች ወይም 0.64 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ከመክፈቻው ጥርስ 0.3 ሚሊሜትር ከተበላ ቅጠሉ በሁለት ቁጥሮች መካከል ተንጠልጥሎ ይቀራል። የቅጠሉ መስኮትም፣ ማለትም መክፈቻው የሚያልፍበት ቀዳዳ፣ ትንሽ ተበልቶ ከሆነ ሁለቱ ጉድለቶች ይደመራሉ።

ኪቱ በሚገባ የሚሠራው መክፈቻው ታድሶም ቁልፉ ሲያንገራግር፣ መክፈቻው በየትኛውም አቅጣጫ ሲወጣ ወይም ሲሊንደሩ በማንኛውም መክፈቻ ሲዞር ነው። ቀድመው የሚያልቁት ወደ አፉ የቀረቡት ቅጠሎች ናቸው። መክፈቻው በገባ በወጣ ቁጥር የጥርሱ ሁሉ መንገድ በእነርሱ ላይ ያልፋል፤ በመጨረሻ ያለውን ቅጠል ግን የሚነካው ጫፉ ብቻ ነው። ክዳኑን በመክፈቻው ጎትቶ የመክፈት ልማድም አፉን ያሰፋል።

ከኪቱ ውስጥ ምስጋና የሚገባቸው ሞላዎቹ ናቸው። የአሮጌው ቁልፍ ሞላ ዝጎ ወይም ተልፈስፍሶ ቅጠሉን መመለስ ሲያቅተው አዲሱ ወዲያው ሕይወት ይዘራበታል። ቅጠሎቹ በልካቸው ጥሩ ናቸው፤ ሆኖም ተመትተው የተቆረጡ ስለሆኑ በአንድ ጎናቸው ስለታም ጠርዝ ይቀራል። ያንን ሳያነሱ ከገጠሟቸው ሲሊንደሩ ውስጥ ይነክሳሉ። መፍትሔው 1000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ዘርግቶ የቅጠሉን ፊት ሁለት ሦስት ጊዜ ማሸት ነው። መስኮቱን ግን አይንኩ፤ ቁጥሩ ያለው እዚያ ነው። ደካማው የኪቱ አካል ክሊፑ ነው፤ ለስላሳ ብረት ስለሚሆን አሮጌው ካልተሰበረ አሮጌውን መልሶ መግጠም ይሻላል።

ሲሊንደሩ የሚወጣበት መንገድ ሁለት ነው። በአንዳንዱ ቁልፍ መክፈቻው ገብቶ ሩብ ዙር ያህል ሲዞር ከቤቱ ጎን ባለች ቀዳዳ 1.5 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ ሽቦ ይገባና መያዣው ቅጠል ይጫናል፤ ሲሊንደሩም ከነመክፈቻው ይሳባል። በሌላው ከኋላ ክሊፕ ወይም ፒን አለ። ከፊት በኩል ሁለት ጎድ ያለው የክሮም ቀለበት ካለ ለዚያ የሚሆን መፍቻ ይፈልጉ፤ በካቻቢቴ እየመቱ ማዞር ክሮሙን መላጥ ነው። ሁልጊዜ ሲሊንደሩን ከማውጣት በፊት መክፈቻው ውስጡ ይኑር። ያለ እርሱ ከሳቡት ቅጠሎቹ ቤቱ ውስጥ ይጠመዳሉ፣ ሞላዎቹም ይረጫሉ። ሥራው ሁሉ ግልጽ የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ቢሠራ የተፈናጠረ ሞላ ፍለጋ ወለል መጥረግ አይኖርም።

ክዳኑ ተቆልፎ መክፈቻው እንቢ ካለ ደግሞ ጠርዙን በካቻቢቴ አይፈልቅቁ። የተጣመመ ክዳን ከማንኛውም ቁልፍ ይልቅ ያስቸግራል። የኪሱን ውስጠኛ ሳጥን ከዳሽቦርዱ ስር የሚይዙት ብሎኖች ብዙ ጊዜ በእጅ ይደረሳሉ፤ ሳጥኑ ሲወርድ ቁልፉ ከኋላ ይገኛል።

ቅጠሎቹን አንድ በአንድ በወረንጦ ያውጡና ከአፉ ጀምሮ በተራቸው ተጣባቂ ወረቀት ላይ ይለጥፉ። አብዛኞቹ ቁጥር ተመትቶባቸዋል። ቁጥሩ ከጠፋ ከቅጠሉ ግርጌ እስከ መስኮቱ ጠርዝ ያለውን በካሊፐር ለክቶ ከኪቱ ቅጠሎች ጋር ማመሳሰል ይቻላል፤ የተበላ መስኮት ግን ስለሚያሳስት ልኬቱ ያልተነካው ጥግ ላይ ይሁን። ሲሊንደሩና ቤቱ በአልኮል ይታጠቡ። ከውስጥ የሚወጣው ጥቁር ጭቃ አብዛኛውን ጊዜ ግራፋይትና ዘይት ተደባልቀው የሠሩት ነው።

ሲገጠም በአብዛኛው መጀመሪያ ሞላው፣ ከዚያ ቅጠሉ። እያንዳንዱ ቅጠል በጣት ተጭኖ ሲለቀቅ ዘሎ መመለስ አለበት፤ የሚዘገይ ካለ ጠርዙ አልተነሳም ወይም ሞላው ጎን ለጎን ተኝቷል። ሁሉም ከገቡ በኋላ መክፈቻውን አስገብተው የሲሊንደሩን ገጽ በጥፍር ይዳስሱ። ልክ ከሆነ ምንም አይቆረቁርም። በሙሉ ቁጥር የሚበልጥ ወይም የሚያንስ ቅጠል ካለ በሌላ ቁጥር ይተካ። በጄኔራል ሞተርስ ቁልፎች ግን ፈተናው ሌላ ነው፤ እዚያ ቅጠሎቹ በጎናቸው ጎድ አላቸው፣ ጎዶቹ ሲሰለፉ አንዲት ቀጭን ዘንግ ወደ ውስጥ ትሰምጣለች። ዘንጓ ከገጹ እኩል ከሆነች ሥራው ተሳክቷል።

እዚህ ላይ ስለ አንድ አቋራጭ መናገር ግድ ነው። ብዙ ሰው የወጣውን ቅጠል በሞረድ ከሲሊንደሩ ጋር እኩል ያደርገዋል። ከፀጉር የማይበልጥ ትርፍ ከሆነ፣ 0.1 ሚሊሜትር ያህል፣ ጉዳት የለውም። ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ቅጠሉ አጥሮ ቤቱን መያዝ ያቅተዋል፣ ቁልፉም በማንኛውም መክፈቻ የሚዞር ይሆናል። ዘንግ ባላቸው ቁልፎች ላይ ደግሞ መሞረድ ጭራሽ አይገባም።

ኪቱ ውስጥ ምላስ የለም፣ ይህ ትልቁ ጉድለቱ ነው። የምላሱ አፍንጫ ከተደበደበ ሲሊንደሩ ቢታደስም ክዳኑ ጉድጓድ ላይ በራሱ ይከፈታል። የዚንክ ምላስ በነሐስ ሊበየድ አይችልም፤ ለዚህ ሥራ የሚውለው የዚንክ ቅይጥ 385 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይቀልጣል፣ የነሐስ ብየዳ ደግሞ ከ800 በላይ ይጠይቃል። ማጣበቂያም በመጀመሪያው ግጭት ይለቃል። ከነሐስ ሰሌዳ ቆርጦ አሮጌውን በናሙናነት እየተከተሉ በሞረድ መቅረጽ ከሁሉም የሚዘልቅ መላ ነው፤ የፊቱ ማዘንበያ ከናሙናው አይለይ፣ አለዚያ ክዳኑ ሲገፋ ምላሱ አይሸሽም።

ቤቱ ከሰፋ ኪቱን ይተዉት። መክፈቻው ገብቶ ሲሊንደሩ ወደ ላይና ወደ ታች የሚወዛወዝ ከሆነ ምንም ቅጠል አያድነውም፤ ሙሉ ቁልፍ ነው የሚያስፈልገው። ሲታዘዝ የሚለካው የአካሉ ስፋት፣ ርዝመቱ፣ የጭራው (ከሲሊንደሩ ኋላ ወጥቶ ምላሱን የሚያንቀሳቅሰው ቁራጭ) ርዝመትና የሚዞርበት መጠን፣ ማለትም 90 ነው ወይስ 180 ዲግሪ፣ ነው። ፎቶ ብቻ አይተው የሚያዙ ሰዎች ብዙ ጊዜ ጭራው አጥሮባቸው ይመልሱታል። የአዲሱ ቁልፍ መክፈቻ መግቢያ የበሩን መክፈቻ የሚቀበል ከሆነ ኪቱ እንደገና ይጠቅማል፦ የአዲሱን ሲሊንደር ቅጠሎች በበሩ መክፈቻ ቅደም ተከተል ማስተካከል ይቻላል። የኪሱ ቁልፍ ከበሩ ያነሱ ቅጠሎች ሊኖሩት ስለሚችል የትኞቹ ጥርሶች እንደሚሠሩ አስቀድሞ ይቆጠር።

ለማለስለሻ ሲሊንደሩ ውስጥ ደረቅ ግራፋይት ወይም የሚደርቅ የቴፍሎን ስፕሬይ ይበቃል፣ እርሱም በመክፈቻው ጥርስ ላይ ተነክሮ የሚገባውን ያህል ብቻ። ግሪስ ለምላሱና ለተቀባዩ ብረት ነው፤ ወደ ሲሊንደሩ ከገባ አቧራ ይሰበስባል። የጭራው ብሎን ላይ አንዲት ጠብታ የብሎን ማጣበቂያ ቢደረግ አይላላም፣ ግን ብሎኑ በኃይል ከተጠበቀ ዚንኩን ስለሚሰነጥቅ በልኩ ይጠበቅ። ከመግጠም በፊት ቁልፉ በእጅ እንደተያዘ 30 ጊዜ ያህል ይዙር፤ የሚያንገራግረው ቅጠል ራሱን የሚያጋልጠው ያኔ ነው፣ ለማውጣትም ያኔ ቀላል ነው።