ኦቶቱን ወይስ ሜሎዳይን? ለአማርኛ ዜማ የሚሆን የድምፅ ማረሚያ ምርጫ

የተቀረጸን ድምፅ ከፍታ (ፒች፣ ማለትም የኖታውን ቅጥነትና ውፍረት) የሚያርም ሶፍትዌር ለመግዛት የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ስሞች መካከል ያመነታል፤ እነርሱም በ1997 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የወጣው ኦቶቱን እና የጀርመኑ ሴሌሞኒ በ2001 ያቀረበው ሜሎዳይን ናቸው። ሁለቱም የሳተውን ኖታ ወደ ቦታው ይመልሳሉ፤ አመላለሳቸው ግን ይለያያል፣ ልዩነቱም በእኛ አዘፋፈን ላይ ጎልቶ ይሰማል።

ኦቶቱን ድምፁን እዚያው በዚያው ስለሚያርም ድምፃዊው የታረመውን ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ እየሰማ ሊቀዳ፣ መድረክ ላይም ሊጠቀምበት ይችላል። ዋናው ማስተካከያው ሪቱን ስፒድ (የእርማቱ ፍጥነት) ነው፤ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ድምፁ ከኖታ ወደ ኖታ እንደ ደረጃ ይዘላል፣ የታወቀው የሮቦት ድምፅ የሚመጣውም ከዚህ ነው። ትዝታ ወይም ባቲ ለሚዘፍን ሰው ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ ፍጥነቱ ከበዛ የድምፁ ንዝረት ይቆራረጥና የዜማው ለዛ ይጠፋል። ስለዚህ ሶፍትዌሩ ድምፁን ወደ ባዕድ ኖታ እንዳይስበው የቅኝቱን አምስት ኖታዎች ብቻ መምረጥና ፍጥነቱን ማዘግየት ያስፈልጋል።

ሜሎዳይን በአንጻሩ ከቀረጻ በኋላ እያንዳንዱን ኖታ በስክሪን ላይ ለይቶ ያሳያል። እኔ የማደንቀው የኖታውን መካከለኛ ከፍታ ከንዝረቱ ለይቶ ማስተካከሉን ነው፤ ዝቅ ያለውን ኖታ ከፍ አድርጎ ንዝረቱን ሳይነኩ መተው ይቻላል። ይህ ለአማርኛ ዜማ ትልቅ ጸጋ ነው። በተጨማሪም አንቺሆዬን በመሳሰሉ ቅኝቶችና በማሲንቆ አጃቢነት የሚዜም ድምፅ እንደ ፒያኖ በ12 እኩል ክፍሎች ላይ በትክክል ስለማያርፍ ኖታውን ጆሮ በፈቀደው ቦታ ማስቀመጥ መቻሉ ይጠቅማል። በእርግጥ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ረጅም ዘፈን በዚህ መንገድ ሲታረም ሰዓታት ይሄዳሉ። ኢሴንሻል የተባለው ርካሹ እትም እነዚህን ዝርዝር ማስተካከያዎች አይዝም፣ አሲስታንት ከተባለው እትም ጀምሮ ግን ይገኛሉ። በአንድ ቅጂ ውስጥ አብረው የተቀዱ ኖታዎችን፣ ለምሳሌ የጊታርን ኮርድ፣ መለየት የሚፈልግ ሰው ብቻ ከዚያ በላይ ወዳለው ኤዲተር ወደተባለው እትም ይውጣ።

ሎጂክ ፕሮ ወይም ኩቤዝ ፕሮ የተባለ የሙዚቃ መቅረጫ ሶፍትዌር ያለው ሰው አስቀድሞ በውስጣቸው ያሉትን ማረሚያዎች፣ በሎጂክ ፍሌክስ ፒችን፣ በኩቤዝ ቫሪኦዲዮን፣ ይሞክር፤ ለአንድ ድምፃዊ ቀረጻ ብዙ ጊዜ ይበቃሉ። አዲስ የሚገዛ ከሆነ ግን፣ መድረክ ላይ የማይጠቀምበትና የሮቦቱን ድምፅ የማይፈልግ እስከሆነ ድረስ፣ ምርጫዬ ሜሎዳይን አሲስታንት ነው። ከመክፈሉ በፊት ንዝረት የበዛበትን የራሱን ቀረጻ በሙከራ እትሙ አርሞ ያዳምጥ።