«ዐ»ን ክብ የሚያደርገው ቤልት

ሥራዬ ማኅተም፣ የበር ስምና የሠርግ ጥሪ በሌዘር መቅረጽ ነው። ደንበኛ የሚያየው ፊደሉን ብቻ ነው። ፊደሉን የሚያሳምረው ግን በማሽኑ ጎን የተወጠረው 6 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ጥቁር ባለ ጥርስ ቤልት ነው። አሁን የምጠቀመው ጌትስ የተባለው ኩባንያ የሚሠራውን 2ጂቲ የሚባል ዓይነት ነው፤ ወድጄዋለሁ።

የእኛ ፊደል ለማሽን ፈተና ነው። እስቲ «ዐ»ን ቅረጽ በሉት። ክቡ ሲያልቅ ከመነሻው ጋር ካልገጠመ፣ ወይም እንቁላል እንቁላል ካለ፣ ሞተሩን ከመጠርጠራችሁ በፊት ቤልቱን እዩ። ማሽኑ ክብ ሲሠራ አቅጣጫ ይቀይራል። የቤልቱ ጥርስ ፑሊው (ሞተሩ ላይ ያለው፣ ቤልቱን የሚጎትተው ባለ ጥርስ መዘውር) ላይ ክፍተት ካለው፣ በተመለሰ ቁጥር ትንሽ ይዘገያል። ጥርሳቸው ጠርዛም የሆኑት የድሮ ቤልቶች ችግር ይኸው ነው። የ2ጂቲ ጥርስ ጎበጥ ያለ ስለሆነ ፑሊው ላይ ደህና አድርጎ ይቀመጣል።

ሒሳቡም ደስ ይላል። ከጥርስ ጥርስ 2 ሚሊሜትር ነው። ባለ 20 ጥርስ ፑሊ በአንድ ዙር 40 ሚሊሜትር ይጎትታል። ሞተሩ በዙር 200 እርምጃ አለው፤ ድራይቨሩ (ሞተሩን የሚያዘው ሰርኪት) እያንዳንዱን ለ16 ሲከፍለው 3200 ይሆናል። ለአንድ ሚሊሜትር 80 እርምጃ ማለት ነው። በቃ፣ ይቺን ቁጥር ማሽኑ ላይ መሙላት ነው።

ስትገዙ ግን ንቁ። ኤምኤክስኤል የሚባል ቤልት አለ፤ በዐይን በቀላሉ አይለይም። ከጥርስ ጥርስ ርቀቱ 2.032 ሚሊሜትር ነው። 50 ጥርስ ቆጥራችሁ ለኩ። 100 ሚሊሜትር ከሆነ ውሰዱ፣ 101.6 ከመጣ ተዉት።

«ውስጡ ብረት ነው፣ ዕድሜ ልክ ነው» ተብሎ የተሸጠልኝ ነጭ ቤልትም ነበር። ብረት እንደማይለጠጥ እውነት ነው። ትንሽ ፑሊ ላይ ሲታጠፍና ሲዘረጋ ግን ይደክማል። የእኔው ሽቦው ተበጣጥሶ በጎን ብቅ ብቅ አለ። ትልቅ ፑሊ ላለው ማሽን ይሁን፤ ለእኔ ዓይነቱ አይሆንም። የጌትሱ ጎማ ውስጥ ያለው የፋይበርግላስ ክር ነው፤ መተጣጠፉን ይችለዋል። ብቻ እንደ ወረቀት አጥፋችሁ አትጫኑት፣ ክሩ ይሰበራል። ጠቅልላችሁ አስቀምጡት።

አወጣጠሩ ላይ ጉልበት አታብዙ። ከመጠን በላይ ከተወጠረ የሞተሩን ኩሽኔታ ይበላል፤ ከላላ ደግሞ ጥርስ ይዘላል። በጣት ስትጫኑት ትንሽ ሰጥቶ ወዲያው ከተመለሰ ይበቃል። ግራሶ ብሎ ነገር የለም! እንጨት የምትቀርጹ ከሆነ ጥላሸቱ ጥርሱ መሃል ይጋገራል፤ በደረቅ ብሩሽ ጥረጉት።

የጌትሱ ዋጋ ስም ከሌላቸው ቤልቶች ይወደዳል። እኔ ግን የምሰስተው እሱ ላይ አይደለም፤ አንድ የተበላሸ የናስ ሰሌዳ ከቤልቱ በላይ ያከስራል። ስትቀይሩ ፑሊውንም እዩት። ጥርሱ ከተበላ አብራችሁ ቀይሩ፤ አለዚያ አዲሱን ቤልት ቶሎ ይጨርሰዋል።