እግር ሲያብጥ፦ የሽንት ምርመራ ወይስ የደም?

እማዬ ስኳርም ግፊትም አለባት። ማታ ካልሲዋን ስታወልቅ የላስቲኩ ምልክት ቁርጭምጭሚቷ ላይ ቀለበት ሠርቶ ይቀራል። በአውራ ጣት ጫን ሲሉት ይሰረጉዳል፤ ቶሎም አይመለስም። «ጫማው ጠቦኝ ነው» ትላለች። ኩላሊት ቢሆንስ?

ዋጋና ቅለት፦ ለሽንቱ አንዲት ብልቃጥ ትበቃለች፤ ተራው ምርመራ ርካሽ ነው። ለደሙ መርፌ አለ። እማዬ መርፌ ስታይ ፊቷን ታዞራለች፣ ጣቷን ስትወጋ የምትውለዋ ሴትዮ!

ቀድሞ በመናገር፦ እዚህ ላይ ብዙውን ጊዜ ሽንት ይበልጣል። ስኳር ኩላሊትን ሲጎዳ አልቡሚን የሚባለው ፕሮቲን ሽንት ውስጥ ቀድሞ ይታያል፤ ክሬቲኒን፣ ማለትም ከጡንቻ የሚወጣውና ኩላሊት የሚያጣራው ቆሻሻ፣ ደም ውስጥ የሚጨምረው ዘግይቶ ነው። ግን ወረቀት ተነክሮ የሚታየው ምርመራ ጥቂቱን አልቡሚን ያልፈዋል። የሽንት አልቡሚንና ክሬቲኒን ምጣኔ ይሠራልኝ በሉ። በአንድ ግራም ክሬቲኒን 30 ሚሊግራም አልቡሚንና ከዚያ በላይ ከሆነ ይደገማል።

በማሳሳት፦ ትኩሳትና የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የሽንቱን ውጤት ያዛባሉ። የደሙ ክሬቲኒን ደግሞ የጡንቻን መጠን ይከተላል። የከሱ አዛውንት ቁጥራቸው «ኖርማል» ተብሎ ኩላሊታቸው የደከመ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከዕድሜ ጋር ተሰልቶ የኩላሊት የማጣራት አቅም ይነገራችሁ።

ስኳር ላለበት ሰው ሁለቱም በዓመት አንዴ ይታያሉ። ሽንት ከቀነሰ ወይም ዲክሎፌናክ የሚባለው የሕመም ማስታገሻ ሲወሰድ ከከረመ የደሙ ምርመራ አይዘግይ። ትንፋሽ ካጠረ ምርጫ የለም፣ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። ሁለቱም ደህና ከሆኑ የግፊት መድኃኒቱን ስም እዩት፤ አምሎዲፒንም እግር ያሳብጣል።