ባለ 8 ጫማ አጥር ሸጦ «ፈቃዱን እኛ እንጨርሳለን» ለሚላችሁ ቀብድ አትስጡ

ወገኖች፣ በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ቤት ገዝታችሁ ጓሯችሁን ከጎረቤት ዓይን ለመከለል የምታስቡ ሁሉ ይህን ሳታነቡ አትፈርሙ። ብርዱ አልፎ ሰው ወደ ጓሮው መውጣት ሲጀምር የአጥር ሻጮችም በር ማንኳኳት ይጀምራሉ። ሁሉም አታላይ ነው ማለት አይደለም። «8 ጫማ እናቆምልዎታለን፣ ማንም አያይዎትም፣ ፈቃዱን እኛ እንጨርሳለን፣ ግማሹን ዛሬ ይክፈሉ» የሚለውን ግን ሽሹት።

ነገሩ ያለው ውሉ ጀርባ ላይ ነው። በደቃቅ ፊደል «የፈቃድ፣ የኤች.ኦ.ኤ እና የወሰን ኃላፊነት የባለቤቱ ነው» ይላል (ኤች.ኦ.ኤ ማለት የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ነው)። ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ ደግሞ «በልዩ ትዕዛዝ የመጣ ዕቃ ገንዘብ አይመለስም» የሚል አለ። ባለ 8 ጫማው ጣውላ ብዙ ጊዜ ልዩ ትዕዛዝ ነው። ሁለቱን አገናኝታችሁ አንብቧቸው፦ ካውንቲው (የአካባቢው አስተዳደር) እምቢ ቢል ቀብዱ ቀረ፣ ዕቃው እናንተ ላይ ወደቀ። ሻጩ በቃል የነገራችሁ ሁሉ እዚያ ላይ ያበቃል።

«አጥር እኮ ፈቃድ አይጠይቅም» የሚለው ደግሞ ግማሽ እውነት ስለሆነ ብዙ ሰው ያሳስታል። ለምሳሌ በቨርጂኒያ ፌርፋክስ ካውንቲ ለተራ የጓሮ አጥር የግንባታ ፈቃድ አያስፈልግም። የዞኒንግ ደንቡ (በየቦታው ምን ዓይነት ግንባታ እንደሚፈቀድ የሚወስነው) ግን ቁመቱን ይወስናል፤ በቤቱ ፊት ለፊት 4 ጫማ፣ በጎንና በጓሮ 7 ጫማ። አንዱ ሕግ ስለ ግንባታው ነው፣ ሌላው ስለ ቁመቱ፣ አንዱ ዝም ስላለ ሌላው ቀረ ማለት አይደለም። ቤታችሁ ማዕዘን ላይ ከሆነ የበለጠ ተጠንቀቁ፤ እናንተ ጓሮ የምትሉት መንገድ የሚያየው ጎን በደንቡ እንደ ፊት ለፊት ሊቆጠር ይችላል። አሌክሳንድሪያ ከተማ የራሱ ደንብ አለው፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲም እንዲሁ፤ ስለዚህ «ጓደኛዬ ጋ ተፈቅዷል» ማስረጃ አይሆንም። የቤቱን አድራሻ ይዛችሁ ለዞኒንግ ቢሮው በኢሜይል ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሁፍ ያዙ።

ከተፈቀደው በላይ የሚፈልግ ሰው ጉዳዩ የሚታየው በዞኒንግ ይግባኝ ቦርድ ነው። የማመልከቻ ክፍያ አለው፣ የቦታው ፕላን ይቀርባል፣ ጎረቤቶች በጽሁፍ ይነገራቸዋል፣ ለሕዝብ ክፍት በሆነ ችሎትም ይሰማል። በቨርጂኒያ ሕግ ቦርዱ ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ ችግሩ ከመሬቱ ወይም ከቤቱ ሁኔታ የመጣ መሆኑንና አመልካቹ ራሱ ያልፈጠረው መሆኑን ነው። «ጎረቤቴ ያየኛል» ብቻውን ደካማ ምክንያት ነው። ጓሮው ተዳፋት ሆኖ የጎረቤት መሬት ከእናንተ በብዙ ጫማ ከፍ ያለ ከሆነ ግን በፎቶና በከፍታ ልኬት አስደግፋችሁ የምታቀርቡት ነገር አላችሁ። «መጀመሪያ እናቁመው፣ ኋላ እናስፈቅዳለን» የሚላችሁን አትስሙት። ደንብ ጥሳችሁ ያቆማችሁት አጥር ራሳችሁ የፈጠራችሁት ችግር ሆኖ ይቆጠርባችኋል። ጎረቤት አቤት ካለ መርማሪ ይመጣል፣ ይለካል፣ ቁረጡ ይላችኋል። ከላይ የተቆረጠ ምሰሶ ደግሞ እንዳይበሰብስ የተነከረበት መድኃኒት ወደ ውስጥ ስላልዘለቀ በተቆረጠበት በኩል ውሃ ይጠጣና ይበሰብሳል።

ኤች.ኦ.ኤ ካላችሁ የእነሱ ፈቃድ ለብቻው ነው። የካውንቲው እሺታ እነሱን አይገድዳቸውም፣ የእነሱም ካውንቲውን አይገድደውም።

አሁን ደግሞ ወደ ዕቃው፤ ዋጋው «ረከሰ» የሚባለው እዚህ ላይ ነውና። ነፋስ አጥሩን ከሥሩ ለመገልበጥ የሚገፋበት ኃይል በቁመቱ ስኩዌር ያድጋል። ከ6 ወደ 8 ጫማ ስትወጡ ቁመቱ የጨመረው ሲሶ ነው፣ ግፊቱ ግን ወደ 78 በመቶ ይጨምራል። ስለዚህ ለ6 ጫማ የሚበቃው 4 በ4 ኢንች ምሰሶ ለ8 ጫማ ይሳሳል፤ 6 በ6 ኢንች ወይም የብረት ምሰሶ ያስፈልጋል፣ በመካከላቸው ያለውም ርቀት ከ8 ጫማ ወደ 6 ይቀንስ። ውሉ ላይ የምሰሶውን ርዝመት ፈልጉ። 10 ጫማ ከሆነ መሬት ውስጥ የሚገባው 2 ጫማ ብቻ ነው፤ ያ አጥር ጥቂት ክረምት ሳይቆይ ያዘነብላል። 12 ጫማ ከሆነ 4ቱ ይቀበራል። 12 ኢንች ስፋትና 4 ጫማ ጥልቀት ላለው ጉድጓድ ከ6 በ6 ምሰሶ ጋር ባለ 80 ፓውንድ የኮንክሪት ከረጢት 4 ያህል ይሄዳል። አጥሩ 120 ጫማ ርዝመት ካለው በ6 ጫማ ርቀት 21 ምሰሶ ይቆማል፣ ከረጢቱም 84 ገደማ ይሆናል። ሠራተኞቹ 20 ከረጢት ይዘው ከመጡ በየጉድጓዱ አንድ አንድ ሊጥሉ ነውና በዚያው ቀን ሥራውን አስቁሙ።

ለነገሩ 8 ጫማ ያስፈልጋችኋል ወይ? ከመፈረማችሁ በፊት ሞክሩት። አንድ ሰው ረጅም እንጨት ላይ 7 እና 8 ጫማ ላይ ቀይ ፕላስተር ለጥፎ አጥሩ በሚቆምበት መስመር ላይ ይያዘው፣ እናንተ ቡና በምትጠጡበት ወንበር ተቀምጣችሁ ወደ ጎረቤት መስኮት እዩ። በብዙ ጓሮ 7ቱ ይበቃል፣ ወይም 8ቱም አይጋርድም። ደካችሁ (ከቤቱ ጋር የተያያዘው የእንጨት መድረክ) ከመሬት 4 ጫማ ከፍ ያለ ከሆነ ባለ 8 ጫማው አጥር ከደኩ ላይ ለሚቀመጥ ሰው 4 ጫማ ብቻ ነው። በፌርፋክስ ሕጋዊ የሆነው 7 ጫማ ከዛፍ ጋር ተደምሮ ብዙ ጊዜ የተሻለ ይሠራል። ቀርከሃ ግን አትትከሉ፤ ሥሩ ወደ ጎረቤት ይሻገራል፣ ፌርፋክስም በዚህ ላይ ደንብ አውጥቷል።

ከመቆፈሩ በፊት በ811፣ መሬት ውስጥ የተቀበሩ መስመሮችን በሚያስመለክተው የስልክ ቁጥር፣ መደወል የግድ ነው፣ ክፍያ የለውም። ምልክት አድራጊዎቹ ቀይ ለመብራት፣ ቢጫ ለጋዝ፣ ሰማያዊ ለውሃ፣ አረንጓዴ ለፍሳሽ፣ ብርቱካናማ ለስልክና ለኢንተርኔት ይቀባሉ። ምልክቱ መሬቱ ላይ ሳይታይ ሻጩ «ነገ እንጀምራለን» ካለ አልደወለም ብላችሁ ጠርጥሩ። ወሰኑንም ቤት ስትገዙ በተሰጣችሁ ሥዕል አትመኑ፤ በሜሪላንድ «ሎኬሽን ድሮዊንግ» የሚባለው ለአጥር ወሰን እንደማያገለግል እዚያው ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። ወሰኑን ቀያሽ ጠርታችሁ በችካል አስመልክቱ።

ሻጩ ውሉ ላይ ይህን ካላስገባ አትፈርሙ፦ «የካውንቲውና የኤች.ኦ.ኤ የጽሁፍ ፈቃድ ካልተገኘ ውሉ ይፈርሳል፣ ቀብዱ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል፣ ከፈቃዱም በፊት ዕቃ አይታዘዝም።» በሜሪላንድ የቤት እድሳት ኮንትራክተር ከውሉ ዋጋ ከሲሶ በላይ ቀብድ መቀበል በሕግ አይፈቀድለትም፤ እዚያ ግማሽ የሚጠይቃችሁ ሰው ሕግ የማይፈቅድለትን ነው የሚጠይቀው። የፈቃድ ቁጥሩን በሜሪላንድ በቤት ማሻሻያ ኮሚሽን፣ በቨርጂኒያ የሙያ ፈቃድ በሚሰጠው መሥሪያ ቤት በዲ.ፒ.ኦ.አር ድረ ገጽ ላይ ፈልጉ። ስሙ ውሉ ላይ ካለው ስም ጋር አንድ መሆን አለበት።

ቤታችሁ መጥቶ አስፈርሟችሁ ከሆነ ገና አልረፈደም። የፌዴራሉ ሕግ እስከ ሦስተኛው የሥራ ቀን እኩለ ሌሊት ድረስ ያለ ምክንያት እንድትሰርዙ ይፈቅዳል፤ ቅዳሜ ይቆጠራል፣ እሁድና የፌዴራል በዓላት አይቆጠሩም። ሐሙስ የፈረመ ሰው እስከ ሰኞ ሌሊት ጊዜ አለው። በስልክ አትተማመኑ። የስረዛ ቅጹን ወይም በእጃችሁ የጻፋችሁትን ደብዳቤ ቀን ጽፋችሁ፣ ፈርማችሁ፣ ቅጂ አስቀርታችሁ በሪኮማንዴ ላኩ። ሻጩ ገንዘባችሁን በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ መመለስ አለበት።