ከእንግሊዝኛ ወደ ናቫሆ ለሚተረጉም ሰው፦ የያንግና የሞርጋን መዝገበ ቃላት ሲገመገም

ከእንግሊዝኛ ወደ ናቫሆ፣ ማለትም በደቡብ ምዕራብ አሜሪካ የሚኖረው ነባር ሕዝብ ወደሚናገረው ቋንቋ፣ ለመተርጎም የተነሣ ሰው ውሎ አድሮ ሮበርት ያንግና ዊልያም ሞርጋን ወዳዘጋጁት ግዙፍ የሰዋስውና የመዝገበ ቃላት ሥራ መምጣቱ አይቀርም። እዚህ የምገመግመው እ.ኤ.አ. በ1987 ተሻሽሎ በኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት የወጣውን እትም ነው። ከ1,000 ገጽ በላይ ያለው ይህ ጥራዝ በመስኩ አቻ የለውም ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ ሆኖም የእንግሊዝኛ ቃል ይዞ ገብቶ ወዲያው የናቫሆ አቻውን ይዞ ለመውጣት የሚያስብ ገዢ ቅር መሰኘቱ አይቀርም።

ችግሩ የሚመነጨው ከግሡ ጠባይ ነው። ባለቤቶቹ ዲኔ ቢዛድ የሚሉት ይህ ቋንቋ የአታባስካን ቤተሰብ አባል ሲሆን፣ የቅርብ ዘመዶቹ የአፓቺ ቋንቋዎች ናቸው፤ የሩቆቹ ደግሞ በአላስካና በሰሜን ምዕራብ ካናዳ ይነገራሉ። አድራጊውና ተደራጊው በአንድ ግሥ ውስጥ መካተታቸው «ነገርኩህ» ለሚል አማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም፤ ከባዱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አንድ ሰው ዕቃ እንዲሰጠው ሲጠይቅ የዕቃውን ዓይነት በግሡ መግለጽ አለበት፤ ድቡልቡልና ጠጣር ለሆነ ነገር፣ ለረጅምና ደረቅ ዘንግ፣ ለገመድ፣ እንደ ጨርቅ ስስ ሆኖ ለሚታጠፍ፣ በክፍት ዕቃ ውስጥ ላለ፣ እንደ ጭቃ ለላቆጠ፣ ነፍስ ላለውም ጭምር የተለያየ የግሥ ሥር አለ። እንግሊዝኛው ይህን ሁሉ ስለማይናገር፣ ተርጓሚው ከጽሑፉ ውጭ ያለውን ዕቃ ማወቅ ይኖርበታል። መዝገበ ቃላቱ እዚህ ላይ ነው ዋጋውን የሚያሳየው፤ ከትርጉሙ ጎን ከዕለት ተዕለት ኑሮ የተወሰዱ ሙሉ ዓረፍተ ነገሮችን በብዛት ስለሚሰጥ፣ አንባቢው ቃሉን ብቻ ሳይሆን አገባቡንም ያያል።

የቃላት ቅደም ተከተልም የራሱ ሥርዓት አለው። ንብ ልጅቷን መንደፏን የሚገልጸው የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ከንቧ ይጀምራል፤ በናቫሆ ግን ሰው ከነፍሳት በፊት መጠራት ስላለበት ልጅቷ ትቀድማለች፣ ግሡም ይህን የሚያመለክት ቅጥያ ይይዛል። የሰዋስው ክፍሉ እንዲህ ያሉ ጉዳዮችን የሚያስረዳበት አጻጻፍ ደረቅና የታመቀ ስለሆነ፣ ያለ አስተማሪ ለሚጀምር ሰው አይመከርም።

ዋነኛው ድክመቱ የአደራደሩ ነው። ግሦቹ የተዘረዘሩት በመጀመሪያ መደብ ነጠላ ቁጥር፣ ከነቅድመ ቅጥያቸው ነው። በመሆኑም ከአንድ ሥር የወጡ ግሦች በመጽሐፉ ውስጥ ተበታትነው ይገኛሉ፤ በጽሑፍ ያገኙትን ግሥ ለመፈለግም አስቀድሞ መተንተን ያስፈልጋል። አዘጋጆቹ ራሳቸው በ1992 ከሳሊ ሚጄት ጋር በግሥ ሥር የተደራጀ ሌላ ሥራ ማውጣታቸው ክፍተቱን እንዳዩት ያሳያል። አቅሙ ያለው ሰው ሁለቱን አጣምሮ ቢይዝ ይሻላል።

ስለ ቋንቋው ዳራ ሲነሣ የመጽሐፉ የራሱ ታሪክ ብዙ ይናገራል። ያንግና ናቫሆው ሞርጋን ሥራቸውን የጀመሩት በ1930ዎቹ መጨረሻ ሲሆን፣ ዛሬ የሚሠራበት አጻጻፍ እንዲጸና ከፍተኛ ድርሻ ነበራቸው፤ ከ1943 እስከ 1957 የታተመውን የናቫሆ ጋዜጣም አዘጋጅተዋል። የቀድሞው ሥራቸው በ1943 የታተመው በአሜሪካ መንግሥት የሕንዶች (የአገሩ ነባር ሕዝቦች) ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነበር፤ ልጆች በቋንቋቸው በመናገራቸው ይቀጡባቸው የነበሩትን አዳሪ ትምህርት ቤቶች ያስተዳድር የነበረውም ይኸው መሥሪያ ቤት ነው። በ1942 የባሕር ኃይል እግረኛ ጦሩ 29 ናቫሆ ወጣቶችን መልምሎ በዚሁ ቋንቋ ላይ የተመሠረተ የምስጢር መልእክት ሥርዓት እንዲፈጥሩ ማድረጉ ሲታከልበት፣ የዘመኑ ፖሊሲ ምን ያህል እርስ በርሱ ይጋጭ እንደነበር ግልጽ ይሆናል።

መዝገበ ቃላቱ ሊሰጠው የማይችለው ነገርም አለ። በብዙ ናቫሆዎች እምነት ንግግር ያለውን ነገር ከመግለጽ አልፎ ነገሩን ሊያመጣ ይችላል፤ ስለዚህ ሐኪም ለታማሚው «ይህ ቀዶ ሕክምና ሊገድልህ ይችላል» ሲል፣ በሰዋስው ረገድ እንከን የሌለው ትርጉም እንደ መጥፎ ምኞት ሊቆጠር ይችላል። ልምድ ያለው አስተርጓሚ አደጋውን በሦስተኛ ወገን፣ «እንዲህ ያለ ሕመም የነበረበት ሰው» እያለ ሊያነሣው ይችላል። የቀበሮ መሰሉ የኮዮቴ ተረቶችም በብርዳማው ወራት ብቻ እንደሚነገሩ የማያውቅ ተርጓሚ፣ ለሞቃቱ ወራት ትምህርት የተዘጋጀ የተረት መጽሐፍ ተርጉሞ ሊያስረክብ ይችላል።

ስለዚህ መጽሐፉን የምመክረው መሠረታዊ ትምህርት ለወሰዱ፣ ለቋንቋ አጥኚዎችና ተናጋሪ ሆነው አጻጻፉን ለማጥራት ለሚፈልጉ ነው። ለንቅሳት ወይም ለማስታወቂያ አንድ ሐረግ የሚፈልግ ሰው ገንዘቡን ለተናጋሪ ተርጓሚ ቢከፍል ይሻለዋል። የሆስፒታል ወይም የፍርድ ቤት ሰነድ የሚተረጉምም በዚህ መጽሐፍ ያዘጋጀውን ረቂቅ ተናጋሪ ሳያይለት ማስረከብ የለበትም፤ ረቂቁ በኮምፒውተር ከተጻፈም የድምፅ ከፍታና የሰርን (በአፍንጫ የሚወጣ ድምፅ) ምልክቶቹ ሳይዘለሉ መግባታቸው ይረጋገጥ፤ ምልክቱ ሲጎድል ቃሉ ሌላ ቃል ሊሆን ይችላልና።